«ወላጅ አምጣ» ከመባሉ በፊት

ወሩ ጥቅምት፣ ቦታው ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ነው። ከሚነጋገሩት አንዷ ከይርጋለም ተዛውራ በከተማዋ ባለ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በርዕሰ መምህርነት የተመደበች ወጣት ናት። ሌላው ዕድሜያቸውን በማስተማር ያሳለፉ፣ ኋላም በርዕሰ መምህርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ የሐዋሳ ሰው ናቸው፤ እሷ «ጋሼ» ትላቸዋለች። ሁለቱን ሰዎች የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። የሚነጋገሩበት ጉዳይ ግን መስከረም በጠባ ቁጥር አዲስ ኃላፊ በሚገባበት ትምህርት ቤት ሁሉ የሚነሣ ነው፤ ያነሣሁትም ከልቤ ስለሚያሳስበኝ ነው።

ጋሼ፦ እህ ልጄ፣ ሥራውን ለመድሽው?

ርዕሰ መምህርት፦ ገና ነኝ ጋሼ። ማኅተም ተረከብኩ፣ የንብረት መዝገብ ላይ ፈረምኩ፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ከተማሪው ጋር አስተዋወቁኝ። ወዲያው ከላይ ዓመታዊ ዕቅድ አምጪ ተባልኩ። የአምናው ኮምፒውተር ውስጥ አለ፣ ዓመተ ምሕረቱን ቀይረሽ ላኪው ያሉኝም ነበሩ። እኔ ግን ጊዜ ስጡኝ አልኩ። ከማን ጋር እንደምሠራ ሳላውቅ ምን ብዬ አቅዳለሁ?

ጋሼ፦ ደግ አደረግሽ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የሆነውን ልንገርሽ። የንጉሡ መንግሥት የአገሩን ትምህርት የሚለውጥ ትልቅ ጥናት አስጠንቶ ነበር፤ ሰዉ «ሴክተር ሪቪው» ይለው ነበር። የአገር ውስጥም የውጭም ምሁራን የደከሙበት ነው። ክፉ ብቻ አልነበረም፤ ትምህርት ያልደረሰውን የገጠር ልጅ ቶሎ ለመድረስ ያሰበ ነበር። ግን ወላጅ አልተጠየቀም፣ መምህሩም አልተጠየቀም። ወሬው ሲወጣ ወላጁ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ «የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ተፈረደበት» አለ። የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራኑ ሥራ አቆሙ፣ የአዲስ አበባ ታክሲዎችም በዚያው ቀን ቆሙ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ጥናቱም ቀረ፣ ዙፋኑም ዓመቱን አልዘለቀም።

ርዕሰ መምህርት፦ ያ የአገር ፖሊሲ ነው። የእኔ አንድ ግቢ ነው።

ጋሼ፦ መጠኑ ነው የሚለየው። ያልተጠየቀ ወላጅ የሚመጣለትን ነገር በክፉ ነው የሚተረጉመው። አዲስ የደንብ ልብስ ብትይው «ሊያስከፍሉን ነው» ይላል፤ የማጠናከሪያ ትምህርት ብትይው «መምህራኑ ቀን የማያስተምሩት ለዚህ ነው» ይላል። ደግሞ አንዳንዴ ልክ ይሆናል። እስቲ ንገሪኝ፣ መጀመሪያ ማንን አገኘሽ?

ርዕሰ መምህርት፦ ጥበቃውን። ማለዳ ስደርስ በሩን የሚከፍትልኝ እሱ ስለሆነ። ስለ ልጆቹ የሚያውቀው ማኅደራቸው ላይ ካለው ይበልጣል። የትኛው ልጅ ገና ሳይነጋጋ መጥቶ ደጃፉ ላይ እንደሚቀመጥ፣ የትኛዋ እናት ልጇን አድርሳ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰርቪስ እንደምትሮጥ፣ የትኛው ልጅ ምሳ ሳይዝ መጥቶ «ጠግቤያለሁ» እንደሚል ያውቃል። እስከ ዛሬ ግን አንድም ኃላፊ ስለ ልጆቹ ጠይቆት አያውቅም። ስለ ቁልፍና ስለ ጠፋ ወንበር ብቻ ነው የሚጠየቀው።

ጋሼ፦ ቀጥሎስ?

ርዕሰ መምህርት፦ ሪከርድ ክፍል ገባሁ። ሠራተኛዋ የመልቀቂያ ፋይሎቹን አወረደችልኝ። የ2015 ነሐሴና የ2016 መስከረሙ ለብቻው ተለይቶ ወፍሯል። የቀድሞው ደቡብ ክልል ፈርሶ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲቋቋሙ፣ እዚህ የነበረው የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ዲላ፣ ወደ ሆሳዕና ሄደ። ቤተሰቡን ጠቅልሎ የሄደ አለ። እዚህ ቤት ሠርቶ ስለነበር ልጆቹን ከእናታቸው ጋር ትቶ ብቻውን የሄደም አለ። አሁን ክፍሎቻችን ውስጥ አባታቸውን በወር አንድ ጊዜ የሚያዩ ልጆች አሉን። ካርድ ላይ «የአባት ፊርማ» ብለን እንልካለን፤ ሳይፈረም ይመለሳል፤ መምህሩ ልጁን ይቆጣል።

ጋሼ፦ ሐዋሳ ከተቆረቆረችበት ከ1952 ጀምሮ እንዲህ ናት፤ ሰው ይመጣባታል፣ ሰው ይሄድባታል። መጀመሪያ ጡረተኛ ወታደሮች ሰፈሩ፤ ከዚያ ፋብሪካ መጣ፤ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆነች፤ በ2008 ሐምሌ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ በ2012 ሰኔ የሲዳማ ክልል ተመሠረተ። እያንዳንዱ ለውጥ ትምህርት ቤት ግቢ ሳይደርስ አልቀረም። ይህን ከሪከርድ ክፍል ማንበብሽ ትልቅ ነገር ነው። በእኔ ጊዜ ርዕሰ መምህር ሪከርድ ክፍል የሚገባው ኦዲተር ሲመጣ ነበር።

ርዕሰ መምህርት፦ ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የስም መጥሪያው ነው። የአምናውን ቁጭ ብዬ አገላበጥኩት። አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ የቀረባቸው ቀናት ረቡዕና ዓርብ፣ ረቡዕና ዓርብ እያሉ ይሄዳሉ። መጋቢት ላይ ጭራሽ ሳምንቱን ሙሉ የለም። ስም ጠሪ መምህሩ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለትምህርት ግድ የለውም» ብሎ ጽፎበታል።

ጋሼ፦ ረቡዕና ዓርብ፣ መጋቢት ደግሞ ሁዳዴ። ልጁ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው ነው ያለው።

ርዕሰ መምህርት፦ የምለውን ሳልጨርስ ደረሱበት። እኔ ግን ከይርጋለም የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ጥበቃው እስኪነግረኝ አልገባኝም ነበር። የጾም ቀን የዓሣ ገበያው ይደራል፤ ያን ቀን የሚቀሽር እጅ ይፈለጋል። አንድ ዓርብ ማለዳ ሄድኩ። ጀልባዎቹ ገብተው መረቡ እየተራገፈ ነው፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሰው መሐል ቆመው አንጀት ይጠብቃሉ። ልጁ ከታላቅ ወንድሙ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የቆሮሶ ዓሣውን ጭራ በግራ እጁ ይይዛል፣ ቅርፊቱን በቢላዋ ጀርባ ይገፋል፣ ከጆሮው ሥር ይበጣል፣ ቢላዋውን ከአጥንቱ ጋር ገጥሞ ሥጋውን እየሰነጠቀ ያወርዳል፣ ከዚያ ቆዳውን በአንድ ስበት ይገፍፈዋል። ጣቶቹ በእሾኽ የተበጣጠሱ ናቸው። ዓይናችን ሲገጣጠም ቢላዋውን ከኋላው ደበቀ። እኔ ሰላም አልኩትና አንድ ኪሎ ገዛሁ። ስለ ትምህርት አላነሣሁም። ቤታቸው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቅኩት።

ጋሼ፦ ሄድሽ?

ርዕሰ መምህርት፦ በሳምንቱ ሄድኩ። እናቱ መጀመሪያ በር ላይ ሳታስገባኝ «ምን አጠፋ?» አለችኝ። ምንም አላጠፋም ብዬ ብምል አላመነችኝም። ቡና አፍልታ፣ ሁለተኛው ከተቀዳ በኋላ ነው የነገረችኝ። የቤት ኪራዩ ግማሹ ከዓሣው ነው የሚወጣው። የሚገርመው ጋሼ፣ ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ነው የሚያስተምረው። ዓሣው የሚወጣው ጠዋት ነው። ልጁን ከጠዋት ወደ ከሰዓት ፈረቃ ማዛወር አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። ዓመቱን ሙሉ ማንም ስላልጠየቀ ብቻ ልጁ አንድ ክፍል ደገመ።

ጋሼ፦ ቢላዋውን ከእጁ ማስጣል ይሻል ነበር የሚልሽ አይጠፋም።

ርዕሰ መምህርት፦ ይሻል ነበር። እኔም አምንበታለሁ፤ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ቦታው ዴስክ ላይ ነው። ግን ኪራዩን የምሸፍንበት የለኝም። ያለኝ ፈረቃ ነው፤ ያለኝን ሰጠሁ። የቀረውን ከሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ጋር እየተነጋገርን ነው።

ጋሼ፦ ያቺ እናት ትምህርት ቤት መጥታ ታውቃለች?

ርዕሰ መምህርት፦ ሁለት ጊዜ። አንዴ ልጁ ተጣልቶ «ወላጅ አምጣ» ተብሎ፣ አንዴ ለአጥር ግንባታ መዋጮ።

ጋሼ፦ አየሽ፣ ሕመሙ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ወይ ልጁ ሲያጠፋ ነው፣ ወይ ገንዘብ ሲፈለግ። ወላጁ በሩን የሚያውቀው ወይ እንደ ተከሳሽ ወይ እንደ ከፋይ ነው። ከዚያ እኛው መልሰን «የዚህ አካባቢ ወላጅ ለትምህርት ግድ የለውም» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን። ስሚ፣ መዋቅሩ የለም እንዳይባል አለ። የ1986ቱ ፖሊሲ ሕዝቡ በትምህርት ቤት አስተዳደር ይሳተፍ ብሏል። የ1994ቱ የትምህርት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ መመሪያ የወላጅና መምህር ኅብረቱን፣ የቀበሌውን የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ሥራ አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ቃለ ጉባኤው ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ይታሰራል። ግን የኅብረቱን አባላት ስም ዝርዝር አውጥተሽ እዪው። ዓሣ የምትሸጥ እናት አለችበት? የፓርክ ሠራተኛ አለችበት? ባጃጅ ነጂ አለበት?

ርዕሰ መምህርት፦ የሉም። ባለ ሱቁ አሉ፣ የቀድሞው የቀበሌ ሊቀመንበር አሉ፣ ጡረታ የወጡ አንድ የባንክ ሠራተኛ አሉ። ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ብዙ ደክመዋል። ግን ልጆቻቸው ከእኛ ትምህርት ቤት ከወጡ ቆይተዋል።

ጋሼ፦ ምርጫውን አስደግሚ።

ርዕሰ መምህርት፦ አስደግማለሁ፤ አሁኑኑ ግን አይሆንም። ሳላውቃቸው ብነሣባቸው እኔም ያው «ከላይ የመጣች» ነው የምባለው። ደግሞ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልቃወምዎት። ሰው ማወቅ፣ ቤት ለቤት መዞር፣ ቡና መጠጣት ጥሩ ነው። ግን ልጆቹ ማንበብ አይችሉም! በ2002 በተደረገው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና በአገር ደረጃ 34 በመቶ የሚሆኑ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። በሲዳማ የነበረው ውጤት ከዚያም የባሰ ነበር። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲታረም 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። ያ ውጤት 12ኛ ክፍል ላይ አልተሠራም፤ እኛ ጋ፣ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የተሠራው። ቤቱ እየተቃጠለ ትውውቅ ላይ ነሽ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?

ጋሼ፦ ጥያቄሽ የልብ ነው። እኔ በልምዴ የምለው አለኝ፤ አንቺ ግን በትምህርት አመራር ተምረሻል። መጽሐፉስ ምን ይላል?

ርዕሰ መምህርት፦ መጽሐፉ ከእርስዎ ጋር ነው። አንቶኒ ብሪክና ባርባራ ሽናይደር የሚባሉ ተመራማሪዎች በቺካጎ ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ለዓመታት ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። ርዕሰ መምህሩ፣ መምህሩና ወላጁ የሚተማመኑበት ትምህርት ቤት በንባብና በሒሳብ የመሻሻል ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው፤ መተማመን በሌለበት ግን ከሰባት አንድ። ገንዘቡም ሥርዓተ ትምህርቱም ሥራ የሚሠራው ሰው ሲተማመን ነው ይላሉ።

ጋሼ፦ ስለዚህ ንባቡና ትውውቁ አንድ ሥራ ናቸው። እናቲቱ ካላመነችሽ ማታ «አንብብልኝ» አትለውም። እንኳን ልታስነብበው፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት ሲያሳያት ልቧ ይደነግጣል።

ርዕሰ መምህርት፦ ወረቀት ሲሉ አንድ ነገር አስታወሱኝ። በሲዳምኛ ለሚማሩት ልጆች ወላጆች ደብዳቤ ልከን ነበር። አንዲት አያት ደብዳቤውን ይዘው መጡና «እኔ ሲዳምኛ ማንበብ እችላለሁ፤ ይህን ግን አልቻልኩም» አሉኝ። አላመንኳቸውም ነበር፤ ቁጭ ብለን ስናወራ ነው የገባኝ።

ጋሼ፦ በመሠረተ ትምህርት ነው የተማሩት! ዘመቻው በ1971 ሐምሌ ተጀምሮ በኋላ ቋንቋዎቹ አሥራ አምስት ሲደርሱ ሲዳምኛ አንዱ ነበር፤ እኔም አስተምሬበታለሁ። ያኔ የሚጻፈው በፊደል ነበር። ሽማግሌው፣ እናቲቱ፣ ኩራዝ ይዘው ማታ ማታ ይመጡ ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በላቲን ሆነ። ስለዚህ አያት በፊደል ታነባለች፣ የልጅ ልጅ በላቲን ያነባል፤ አንድ ቋንቋ እየተናገሩ አንዱ የሌላውን ደብተር አያነብም።

ርዕሰ መምህርት፦ አሁን ስም ጠሪዎቹን ደብዳቤ ከመላክ በፊት ደውሉ፣ ወይም በልጁ አፍ ላኩ ብያለሁ። ለሚፈልጉ ደግሞ በፊደልም በላቲንም እንጽፋለን። እኚያን አያት ግን ሌላ ነገር ለመንኳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ተረት እንዲነግሩልኝ። ልጆቹ የሰሙትን ሰኞ ይጽፉታል። መምህሯ እንደነገረችኝ ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ እሱን ለማንበብ ይሻማሉ።

ጋሼ፦ ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ስብሰባስ ጠራሽ?

ርዕሰ መምህርት፦ አልጠራሁም። ትምህርት ቤቱ ስብሰባ የሚጠራው በሥራ ቀን ጠዋት በአራት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት መምጣት የሚችለው አለቃ የሌለበት ሰው ብቻ ነው። የፓርኩን እናቶች ያስቡ። አብዛኞቹ ከገጠር ሲዳማ የመጡ ወጣቶች ናቸው፤ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው የጀመሩ፣ ከዚያ የወለዱ። አንድ ቀን ቢቀሩ ከደመወዝ ይቆረጣል። በ2014 ኅዳር ፒ.ቪ.ኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለቆ እንደሚወጣ ሲያስታውቅ፣ ታኅሣሥ 23 ደግሞ አገሪቱ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ስትታገድ ሥራቸውን ያጡ ነበሩ። ልጆቹ ያን ዓመት ያስታውሳሉ። አንዷ ልጅ «እናቴ ፋብሪካ ስትገባ ሥጋ እንበላለን፣ ስትወጣ ወደ አያቴ እንሄዳለን» ብላ ጽፋለች። እንዲህ ላለች እናት «ለልጅሽ ግድ የለሽም» ማለት ኃጢአት ነው።

ጋሼ፦ ልክ ነሽ። እንግዲያ ወላጁን አትጥሪው፤ እሱ የሚሰበሰብበት ሂጂ። እድር አለልሽ አይደል? እሁድ እሁድ በየሰፈሩ ይሰበሰባል፤ የቀረ ስለሚቀጣ ሁሉም ይመጣል። ዳኛውን አስቀድመሽ አናግሪና አንድ አጀንዳ ስጡኝ በዪ። ቆመሽ «የልጆቻችሁ ርዕሰ መምህርት እኔ ነኝ፤ ስልኬ ይህ ነው፤ ልጠይቃችሁ እንጂ ልጠይቅባችሁ አልመጣሁም» በዪ። ስለ ገንዘብ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ወላይታው፣ ሲዳማው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ስልጤው፣ ከምባታው፣ ኦሮሞው በአንድ ድንኳን ሥር የምታገኚው እዚያ ነው።

ርዕሰ መምህርት፦ ስለዚህ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። ባለፈው አንድ ጠዋት ገበያ አካባቢ የሆነ ወሬ ተነሣ። ምንም አልነበረም፤ ኋላ ሲጣራ ሁለት ባጃጆች ተጋጭተው ነው። ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወላጆች በሩን ሊሰብሩት ደረሱ። ልጃቸውን እየጎተቱ የሮጡ፣ የጎረቤት ልጅ ጨምረው የወሰዱ ነበሩ። የማን ልጅ ከማን ጋር እንደሄደ ማወቅ አቃተን።

ጋሼ፦ በ2010 ሰኔና በ2011 ሐምሌ ይህች ከተማ ያየችውን ወላጅ አልረሳም ልጄ። ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ተፈናቅሏል። አንቺ ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆች ያኔ ሕፃናት ነበሩ ወይም አልተወለዱም፤ ፍርሃቱ ግን ቤት ውስጥ አለ። «አትፍሩ» ብለሽ አታባርሪው። ይልቅ ሥርዓት አብጂለት። ልጅን ከማን በቀር ለማንም እንደማትሰጡ፣ ወሬ ሲነሣ በሩ እንደሚዘጋና ልጆቹ ክፍላቸው እንደሚቆዩ፣ በየሰፈሩ ማን ተጠሪ ሆኖ እንደሚደወልለት አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ተጠሪዎቹ ከአንድ ወገን ብቻ እንዳይሆኑ ተጠንቀቂ። በአማርኛ የሚማረውና በሲዳምኛ የሚማረው ልጅም በአንድ አጥር ውስጥ ሁለት ትምህርት ቤት እንዳይሆን ጠብቂ። ኳሱም፣ ክበቡም፣ ባንዲራ ሰቃዩም ይቀላቀል።

ርዕሰ መምህርት፦ የመምህራን ማረፊያ ክፍሉም።

ጋሼ፦ እሱም ተለያይቷል? እንግዲያ ከእሱ ጀምሪ። ልጁ የሚያየው መምህሩ ከማን ጋር ሻይ እንደሚጠጣ ነው። መምህራኑስ እንዴት ተቀበሉሽ?

ርዕሰ መምህርት፦ ዝም ብለው ያዩኛል። ደመወዙ ለኪራይ አልበቃ ያለው መምህር አዲስ ኃላፊ ሲመጣ አዲስ ቅጽ መጣ ብሎ ነው የሚያስበው። ክላስ ገብቼ ከመገምገሜ በፊት እያንዳንዳቸውን «ሥራህን የሚያከብድብህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄያለሁ። የብዙዎቹ መልስ ጠመኔና መጽሐፍ አልነበረም፤ ወላጅ ፊት ሲሰደቡ ዝም ብሎ የሚያይ ርዕሰ መምህር ነው ያሉኝ።

ጋሼ፦ ያን አትርሺ። እኔ በዚህ ከተማ ስኖር ከሲዳማ ሽማግሌዎች የተማርኩት አለ። ሶንጎ በሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ ነገር ሲቀርብ ዋናው ሽማግሌ «አፊኒ?» ብሎ ሁሉም መስማቱን ሳያረጋግጥ ወደ ፍርድ አይገባም። በዳይም ይሰማል፣ ተበዳይም ይሰማል፣ ከዳር የተቀመጠውም ይጠየቃል። ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። የተፈረደው ግን ይጸናል። መምህርና ወላጅ ሲጋጩ አንቺም እንዲሁ አድርጊ፤ አንዱን ሰምተሽ ሌላውን አትቅጪ።

ርዕሰ መምህርት፦ እኔ የሲዳማ ልጅ ነኝ፤ ሶንጎ አጠገብ ነው ያደግኩት። ቢሮ ሲገባ ግን እንዴት እንደሚረሳ ያስገርማል። ሌላም ያሰብኩት አለ፤ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጫምባላላ። በ2008 ዩኔስኮ ሲመዘግበው ደስ አለን፣ በበዓሉ ማክበሪያ ጉዱማሌ ላይ ጨፈርን። ግን ትምህርት ቤቶቻችን በዓሉን የሚያውቁት እንደ ዝግ ቀን ነው። በጫምባላላ ልጅ አይመታም፣ ከብት አይመታም፣ ዛፍ አይቆረጥም። ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ፤ ቅቤ የጠገበ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። አያንቶዎቹ ከዋክብቱን አይተው ቀኑን ሲናገሩ፣ ፈቃደኛ መምህራንን ይዤ ከልጆቹ ጋር ቤት ለቤት መዞር እፈልጋለሁ። የሌላው ብሔረሰብ መምህራንም ከእኛ ጋር ይምጡ። በመስቀል ወደ ጉራጌዎቹና ወላይታዎቹ ቤት፣ በኢድ ወደ ስልጤዎቹ ቤት እንዲሁ።

ጋሼ፦ ደብተርና ውጤት እንዳትይዙ ብቻ።

ርዕሰ መምህርት፦ ባዶ እጃችንን ነው የምንሄደው።

ጋሼ፦ አንድ የሚያሳስበኝ አለ። ይህን ሁሉ ታውቂና በዓመቱ መጨረሻ ያነሡሻል። አንዱን ጎበዝ ነው ብለው ወደ ጽሕፈት ቤት ይወስዱታል፣ ሌላውን ሹመኛ ስለተቀየረ ይቀይሩታል። የሚያውቀው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። አዲሱ ደግሞ ከጥበቃው ስም ይጀምራል። እኔ ብዙ ትምህርት ቤቶች በዚህ ምክንያት ሲደክሙ አይቻለሁ። ያጡት ሕንፃ ሳይሆን የሚያውቃቸው ሰው ነበር።

ርዕሰ መምህርት፦ ለዚህ ነው ደብተር የያዝኩት። የልጁን ጉዳይ፣ የሰፈሩን እድር፣ የቤተሰቡን ሰዓት እጽፋለሁ። የሰው ምሥጢር የሆነውን አልጽፍም። ብነሣ ለሚተካኝ ከማኅተሙ ጋር አስረክባለሁ።

ጋሼ፦ ደብተሩ ይረዳል። ቤቱ ገብተሽ ቡና የጠጣሽበትን ሰው ግን ደብተር አይተካውም። ስለዚህ ይህን ንግግራችንን የሚሰማ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ካለ አንድ ልለምነው። ርዕሰ መምህር ስትመድቡ ቢያንስ ሦስት ዓመት አቆዩት፤ አላግባብ ከሠራ አንሡት፣ መልካም ከሠራ ግን ተዉት። የመጀመሪያውን ወር ደግሞ ሪፖርት አትጠይቁት። በዚያ ወር የምትጠይቁት ጥያቄ «ስንት ወላጅ ቤት ገባህ?» የሚል ይሁን።

ርዕሰ መምህርት፦ እኔ ደግሞ ወላጆችን ልለምን። ልጃችሁ የሚማርበትን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የማታውቁ ካላችሁ፣ እስክትጠሩ አትጠብቁ። ነገ ጠዋት ልጃችሁን ስታደርሱ ገብታችሁ ሰላም በሉት፤ የየትኛው ልጅ እናት ወይም አባት እንደሆናችሁ ንገሩት፤ ስልካችሁንም ስጡት።